የበላሽ ማን ነው?

እኔ ድሮም ደፋር ሰው አልነበርኩም። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ ጨለማ እፈራለሁ፤ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መናገር እንኳ አልደፍርም። ያ የመጋቢት ሰኞ ያሳየኝ ፍርሃት ግን የእነዚህ ዘመድ አይደለም። እስኪ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጽጌ እባላለሁ። ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ጠዋት ጭቃውን እየዘለልኩ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ፤ ከሰዓት ፈተና አርማለሁ። ሙያዬን አልጠላውም። ነገር ግን ታሪክ ያለፈ፣ የተዘጋ፣ ዛሬ ማንንም የማይነካ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር የአሜሪካን አመሠራረት ይዘን ነበር። ከእንግሊዝ በመርከብ ተሻግረው በባሕሩ ዳርቻ የሰፈሩት ሰዎች፣ የመጀመሪያው ክረምት ረሃብ፣ ቅኝ ግዛቶቹ፣ ከዚያ ነፃነቱና ሕገ መንግሥቱ። መጽሐፉ ይህን ሁሉ በጥቂት ገጾች ያልፈዋል። እኔ ዓርብ ዕለት ጊዜ ተረፈኝና ከመጽሐፉ ወጣ ብዬ ሳሌም ስለምትባል መንደር ነገርኳቸው።

ሳሌም በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ውስጥ ነበረች። ሰፋሪዎቹ ከኋላቸው የማያውቁት ጫካ፣ ከፊታቸው ባሕር ነው። ጦርነት አለ፣ በሽታ አለ፣ ብርዱ ደግሞ ለብቻው። በአንዱ ክረምት ታዲያ በመንደሩ ቄስ ቤት ያሉ ሁለት ሴት ልጆች ድንገት እየጮኹ ይወድቁ፣ ይንፈራገጡ ጀመር። ሐኪሙ መድኃኒት ሲጠፋበት «ክፉ እጅ ነክቷቸዋል» አለ። ይሄኔ ትልልቆቹ ሰዎች ልጆቹን ከበው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «እንዲህ የሚያደርግሽ ማን ነው?» ልጆቹም ስም ጠሩ። መጀመሪያ በቄሱ ቤት በባርነት የምታገለግለዋን ሴት፣ ቀጥሎ በየቤቱ እየዞረች የምትለምነዋን፣ ቀጥሎ በሽተኛ ሆና ከቤተ ክርስቲያን የቀረችዋን። ከዚያ በኋላ ስሙ አልቆመም። ጎረቤት ጎረቤቱን ከሰሰ፤ ትንሽ ልጅ ሳትቀር ታሰረች፤ ብዙ ሰው ተሰቀለ።

ህሊና የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ልጆቹ ግን ውሸታቸውን ነበር?»

«ሁሉም አይመስለኝም» አልኳት። «የፈራ ሰው የፈራውን ያያል። ጠያቂ ሲያገኝ ደግሞ ያየውን ነገር ስም ያወጣለታል።»

ይህን ስል ማንንም በልቤ አላሰብኩም። ከኋላ ጥግ ግን ዘምዘም ተቀምጣ ነበር። ዘምዘም በዚያው ዓመት ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ደሴ ከአክስቷ ጋር የምትኖር፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗን የክፍሉ ልጆች ያውቃሉ። ሸክላ ሠሪ በእኛ አገር ምን ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ።

ሰኞ ሲነጋ ደሴ በጉም ተውጣ ነበር። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሯል። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾመኛ ነው፤ በዚያ ላይ ፈተና ደርሶ ነበር። ልጆቹ ፊታቸው ገርጥቷል። ሰሌዳው ላይ የቅኝ ግዛቶቹን ስም እየጻፍኩ ሳለ ከኋላዬ ዴስክ ሲገለበጥ ሰማሁ።

ዞር ስል ህሊና ወለሉ ላይ ናት። ጥርሷ ገጥሟል፤ ተረከዟ ሲሚንቶውን ይደበድባል። ሮጬ ጭንቅላቷን ያዝኩ። ገና ስሟን ሳልጠራ ከመስኮቱ በኩል ሌላ ጩኸት መጣ፤ ረውዳ ናት፣ የህሊና ጓደኛ። እሷም ወደቀች። ከዚያ ከጎን ካለው ክፍል ጩኸት፣ ከዚያ ከፎቅ። እንደ እሳት ነበር፤ ከየት ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም።

ልጆቹን ተሸክመን ሜዳው ላይ አስተኛናቸው። አንዱ ጠበል አመጣ፤ አንዱ ቁርአን ይቀራል፤ አንዱ በስልኩ ይቀርጻል። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ጎልማሳ ሴት ጤና አዳም ይዛ ገባችና የህሊና አፍንጫ ላይ ጨመቀችው።

«ይቺማ ተበልታለች!» አለች። «አስለፍልፏት እንጂ! ምን ታያላችሁ?»

ሁለት ሰዎች ህሊናን ቀና አደረጓት። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ህሊና ፊት አስጠግታ ጮኸች፤ «የበላሽ ማን ነው? ተናገሪ! ማን ነው?»

ዓርብ ዕለት በራሴ አፍ የነገርኳቸው ጥያቄ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ርቆ፣ ባሕር ማዶ የቀረ የመሰለኝ ጥያቄ እዚህ ሜዳ ላይ፣ በአማርኛ፣ ዐይኔ እያየ ተጠየቀ።

«አትጠይቋት! ስም አትጠይቋት!» ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም።

ህሊና ዐይኗን ገለጠች። «ዘም… ዘምዘም» አለች። «ዐይኗ… ዐይኗ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዘምዘም በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ይዛ ከህሊና እግር አጠገብ ቆማለች። ህሊናን ልታጠጣ ያመጣችው ነው። በዙሪያዋ የነበሩት ልጆች በአንዴ ወደ ኋላ አፈገፈጉና ብቻዋን ቀረች።

ረውዳን ጠየቋት፤ ያንኑ ስም ጠራች። ከጎን ክፍል የወደቀችውን፣ ዘምዘምን አነጋግራት የማታውቀውን ልጅ ጠየቋት፤ ያንኑ ስም ጠራች።

«እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት!» አለ ከመሀል አንድ ድምፅ።

ኩባያው ከዘምዘም እጅ ወደቀ። እኔ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ክንዷን ይዤ እየጎተትኩ የመምህራን ክፍል ውስጥ አስገባኋትና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። በመስኮቱ ሳይ የውጭው በር በሰው ተሞልቷል። ወላጆች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ መንገደኛ። ወሬው በስልክ ከእኛ ቀድሞ ወጥቷል።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ይመርና የባዮሎጂ መምህሩ ሰይድ ናቸው። አቶ ይመር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ላብ አጥምቋቸዋል።

«ፖሊስ ደውያለሁ፤ እየመጡ ነው ይላሉ» አሉ። «እስከዚያ ግን ይሄ ሕዝብ አጥሩን ይጥለዋል። ሰዎቹ አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ልጂቱ ትውጣና እንትፍ ትበልባቸው፣ ይልቀቃቸው፣ እንገላገል።»

«እንዳያደርጉት!» አልኳቸው። «እንትፍ ብላባቸው ቢነሡስ?»

«ቢነሡማ እሰየው! እሱን አይደል የምንፈልገው?»

«ቢነሡ እኮ አለቀላት። ‹ይኸው እሷ ነበረች› ይላሉ። ባይነሡ ደግሞ ‹እምቢ አለች› ብለው ይደበድቧታል። ሳሌምም እንዲሁ ነበር ያደረጉት። ተከሳሿን አምጥተው ልጆቹን እንድትነካ ያደርጓታል፤ ስትነካቸው ጸጥ ሲሉ ማስረጃ ነው ብለው ያስሯታል።»

«እኔ የአሜሪካ ታሪክ አልጠየቅሁሽም፣ ጽጌ!» አሉ አቶ ይመር። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ጭራሽ ይህን ሟርት ክፍል ውስጥ ያወራሽው አንቺ ነሽ እየተባለ ነው።»

በዚህ መሀል ዘምዘም ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ቲቸር፣ እንትፍ ልበል» አለች። «ይዳኑልኝ ብቻ።»

«አይሆንም፣ ዘምዘም።»

«ቲቸር…» ቀስ ብላ ቀረበችኝ፤ አቶ ይመር እንዳይሰሙ ነው መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ሳላውቀው ሊሆን ይችላል? ወላሂ ምንም አላደረግኋቸውም። ግን ሰው ሳያውቀው ያደርጋል ይላሉ። ህሊናን ዛሬ ጠዋት አይቻታለሁ። ሹራቧ አምሮባት ነበር፤ አይቻታለሁ።»

ከዚያ ቀን ሁሉ፣ ከውጭው ጩኸት ሁሉ፣ ይበልጥ ያስፈራኝ ይህ ቃል ነው። አጥሩ ሳይፈርስ፣ ማንም እጁን ሳይሰነዝርባት ልጂቱ በራሷ ላይ መስክራለች።

ወደ ሰይድ ዞርኩ። «የወደቁትን ልጆች ለያያቸው። አንድ ክፍል ውስጥ እንዳይሆኑ። የሚያያቸው ሰው እንዳይበዛ፤ ስኳር በውሃ አጠጧቸው። ማንም ሰው ስም እንዳይጠይቃቸው። ምንሽን አመመሽ ይባላል እንጂ ማን አይባልም፤ ገባህ?»

«ገባኝ። እሷንስ?»

«አክስቷ ቤት እዚሁ ይደርሱባታል። እናቷ ጋ አወርዳታለሁ። ኮምቦልቻ።»

አቶ ይመርን አየኋቸው። እሳቸው ግድግዳውን አዩ። «እኔ አላየሁም» አሉና ወጡ።

የዝናብ ካፖርቴን ከነቆቡ ዩኒፎርሟ ላይ ደረብኩላትና በመምህራን መጸዳጃ ቤት ጀርባ ባለችው ትንሽ በር ወጣን። እንዳንሮጥ እየለመንኳት፣ እኔ ራሴ ልሮጥ እየቃጣኝ መንገዱ ላይ ደረስን። ባጃጅ አስቆምኩ።

«መናኸሪያ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን ወሬ ጀመረ። «ሰማችሁ? ወደዚያ ትምህርት ቤት ቡዳ ገብቶ ልጆች ጨረሰ አሉ። ሁለቱ ሞተዋል።»

ማንም አልሞተም። ዘምዘም ግን ሞተዋል የሚለውን ሰማች። እጄን ስትጨብጠው ጣቶቿ በረዶ ነበሩ።

መናኸሪያ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ይጣራል። ሚኒባሱ እስኪሞላ የጠበቅነው ጊዜ ዓመት ሆነብኝ። ከኋላ ወንበር መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ከፊታችን አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። መኪናው ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ጉሙ ከመስታወቱ ተለጠፈ፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይጠመዘዛል። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዟል። ከሴትዮዋ ስልክ ጩኸት ሰማሁ፤ የእኛው ሜዳ ጩኸት ነው። ቪዲዮው ውስጥ የዘምዘም ፊት ጥርት ብሎ ይታያል።

ሴትዮዋ ዞር አለች። ዘምዘምን አየቻት፤ ስልኩን አየች፤ እንደገና ዘምዘምን አየች። ነጠላዋን ስባ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው።

«አውርዱኝ» አለች።

«እዚህ? ገደል ላይ?» አለ ረዳቱ።

«አውርዱኝ ነው የምለው! ልጅቷ እዚህ ናት! እዚህ ውስጥ ናት!»

መኪናው ዳር ያዘ። ሴትዮዋ ሕፃኗን እንደታቀፈች ዘላ ወረደችና ጉሙ ውስጥ ገባች። ሌሎችም ተከተሏት። ጠብ የፈለገ የለም፤ አንድም ሰው አልሰደበንም፤ ሁሉም ዝም ብለው ከእኛ ሸሹ። ከመሰደብ የከፋ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ሾፌሩ ወደ ኋላ ሳይዞር ተናገረ። «እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ይቅር በይኝ፤ ውረዱልኝ።»

ወረድን። ሚኒባሱ ሌሎቹን መልሶ ሰብስቦ ሄደ።

በእግር ቁልቁል ጀመርን። በስተግራ ገደል ነው፤ ጉሙ ስለሞላው ግን አይታይም። ከባድ መኪኖች ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማና ድንገት አጠገባችን ይበቅላሉ። ትንሽ እንደሄድን ዘምዘም ቆመች። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታችና አጣጠፈችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዐይኔን ልሰር፣ ቲቸር። እርስዎ እጄን ይዘው ይመሩኛል። ድንገት እርስዎንም እንዳልጎዳዎት።»

ልከለክላት ይገባኝ ነበር፤ አልከለከልኳትም። ዐይኗን አሰረች። እጇን ይዤ መራኋት። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ዐይኗን ያሰረች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እየመራሁ ስሄድ ድንገት ጭንቅላቴ ዞረ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላሁም፤ ሲያዞረኝ አይገርምም። ግን በዚያች ቅጽበት ወደ አእምሮዬ የመጣው ረሃብ አልነበረም። «እየበላችኝ ነው» የሚል ሐሳብ መጣ። እኔ፣ ሳሌምን ያስተማርኩት። እጇን ለቀቅሁ።

ከላይ የከባድ መኪና ጥሩምባ ጮኸ። ዘምዘም እጄን በአየር ላይ እየፈለገች ወደ መሀል አስፋልቱ ተራመደች። «ቲቸር? ቲቸር የት ነዎት?» መብራቱ ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ። እኔ ፈሪዋ ዘልዬ የለበሰችውን ካፖርቴን ከኋላ ያዝኩና ወደ ዳር ወረወርኳት፤ ተያይዘን ቦዩ ውስጥ ወደቅን። መኪናው ነፋሱን ፊታችን ላይ ጥሎ አለፈ።

ጭቃው ውስጥ ተቀምጠን ስንተነፍስ ሻርፑን ከዐይኗ ላይ ፈታሁት። ዐይኗን ጨፈነች።

«ግለጪ» አልኳት።

«እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ። ግለጪና እዪኝ።»

ገለጠች። አየችኝ። እኔም አየኋት። ቡናማ ናቸው ዐይኖቿ፤ ሽፋሽፍቷ ላይ ጭቃ ተጣብቋል። እንዲያ ተያይተን ስንት እንደቆየን አላውቅም። ልቤ ይመታል፤ ግን አልወደቅሁም።

«ምን ሆንኩ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ምንም አልሆንኩም። ይህን አትርሺ።»

ያ ጥሩምባ የነፋው ሾፌር ታችኛው ኩርባ ላይ አቁሞ በእግሩ ተመልሶ መጣ። የገጨን መስሎት ከንፈሩ ደርቋል። ምንም ሳይጠይቅ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ ኮምቦልቻ አደረሰን።

እናቷ ወይዘሮ ዘሀራ ከከተማው ዳር ነው የምትኖረው። እጇ ጭቃ እንደሆነ ወጣች። ልጇን ስታይ፣ እኔን ስታይ፣ ነገሩን ሳንነግራት ገባት። በሩን ዘጋችና ዘምዘምን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ እናቴ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች። «እኔን ሲሉኝ ኖረዋል፤ ለምጄዋለሁ። እሷን እንዳይሏት ብዬ ነበር ደሴ የላክኋት።»

ደሴ ውስጥ ሰይድ ያልኩትን አድርጎ ነበር። ልጆቹን ለያየ፤ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ መጣች፤ ውሃና ስኳር አጠጥታ ስለ ፈተናው፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ እንቅልፋቸው አነጋገረቻቸው። ከሰዓት በኋላ የወደቁት ሁሉ ተነሡ። ህሊና የጠራችውን ስም እንኳ አላስታውስም አለች፤ አምናታለሁ።

እኔ ተማሪ ይዤ በመውጣቴ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የተወሰኑ ወላጆች ነገሩን ያመጣችው በትምህርቷ ነው ብለው ከክፍል እንድነሣ ጠየቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዝውውር ጠይቄ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ዘምዘምም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያው ጨረሰች። አሁን በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ትማራለች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ታሪክን እንደ ድሮው አላስተምረውም። ያለፈ ነው ብዬ ያስቀመጥኩት ነገር ሐረጎ ላይ ራሴ ውስጥ ገብቶ እጄን አስለቅቆኛልና። ፍርሃት ሰው ሲከብ መጀመሪያ የሚፈልገው ስም ነው። ከፊታችሁ የወደቀ ሰው ካለ፣ በእናንተ ሞት፣ ምኑን እንዳመመው ጠይቁት። በልቷል ወይ፣ ተኝቷል ወይ፣ ምን አስጨንቆታል በሉት። ማን ነው አትበሉት። ያቺ ጥያቄ መልስ አታጣም፤ መልሷም ሁልጊዜ አጠገብ የቆመ ምስኪን ሰው ነው።

የሳሌምን ታሪክ ሳስተምር አሁን እስከ መጨረሻው ነው የምሄደው። ከዓመታት በኋላ ከከሳሾቹ ልጃገረዶች አንዷ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ፊት ቆማ የይቅርታ ጽሑፏን አስነበበች። የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ከተሰቀሉት የብዙዎቹን ንጹሕነት አወጁ። የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጅ ልጆች መንግሥት መሥርተው ሕግ ሲያጸኑ፣ የተከሰሰ ሰው የመሰከረበትን ፊት ለፊት የማየት፣ በራሱ ላይም ያለመመስከር መብት እንዲኖረው ጻፉ። ለሞቱት ዘግይቷል፤ ግን ተጽፏል፤ ተነቧል።

ለዘምዘም ማንም ምንም አላነበበላትም። ያ ቪዲዮ እስከ ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ተሳስተናል ብሎ ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ፈቃዷን ጠይቄ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባ እሺ ካለችኝ በኋላ፣ እኔ እዚህ አነብላታለሁ፦ ያን ሰኞ ሜዳው ላይ ኩባያ ይዛ የቆመችው ልጅ ማንንም አልበላችም። ለጓደኛዋ ውሃ ይዛ ነበር።